ከአስቸጋሪ የስኩባ ዳይቪንግ ቀን በኋላ፦ የዲኮምፕሬሽን ሕመምና ሌሎች የጠላቂ ጉዳቶች

ስኩባ ዳይቪንግ በጀርባ ከሚታዘል ሲሊንደር የታመቀ አየር እየሳቡ ከውሃ በታች መዋኘት ነው። ኤላት፣ ሁርጋዳ፣ ጂቡቲ ወይም ፉጃይራ ለዕረፍት የሄደ ሰው አጭር ገለጻ ተሰጥቶት ከአሠልጣኝ ጋር ሊሞክረው ይችላል፤ ሥልጠናውን የጨረሱት ደግሞ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይጠልቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ያልፋል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ነገሩ ያልሰመረበትን ቀን ነው፦ አየር አልቆ ወይም ድንጋጤ መጥቶ በፍጥነት ወደ ላይ የተወጣበትን፣ ጆሮ ያመመበትን፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ደህና ተውሎ ማታ ትከሻ መጠዝጠዝ የጀመረበትን።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። ከጠለቁ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ የመጣ ማንኛውም አዲስ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ያልተለመደ ድካም ወይም ሽፍታ፣ ሐኪም ሌላ ምክንያት እስኪያገኝለት ድረስ ከመጥለቁ የመጣ ተደርጎ ይቆጠራል።

አስቸኳይ ሁኔታ

ከውሃ የወጣ ሰው ራሱን ከሳተ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ መተንፈስ ካቃተው፣ ደረቱን ካመመው፣ ደም ወይም አረፋ ያለው አክታ ከተፋ፣ እጅ ወይም እግሩ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ዓይኑ ከደበዘዘ፣ ሚዛኑን መጠበቅ ካልቻለ ወይም ሽንት አልወርድ ካለው ሳይጠብቁ አምቡላንስ ይጥሩ። ቁጥሩ በእስራኤል 101፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በአሜሪካ 911፣ በተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች 998፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997 ነው። ሰውየው “ትንሽ ልረፍና ይለቀኛል” ቢልም እርስዎ ይደውሉ።

ከውሃ በታች ሰውነት ምን ይሆናል?

በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ይጨምራል። ላይ 1 የነበረው በ10 ሜትር 2፣ በ20 ሜትር 3፣ በ30 ሜትር 4 ይሆናል። ከዚህ ሁለት ችግሮች ይመነጫሉ።

የመጀመሪያው በሰውነት ክፍት ቦታዎች ያለው አየር ነው። ሲወርዱ ይጨመቃል፣ ሲወጡ ይሰፋል። በ10 ሜትር ላይ ሳንባን የሞላ አየር ትንፋሽ ተይዞ ወደ ላይ ከተወጣ እጥፍ ሊሆን ይፈልጋል፤ ሳንባ ግን ያን ያህል አይለጠጥም። የግፊቱ ለውጥ ከሁሉ የሚበረታው ከላይኛው 10 ሜትር ውስጥ ስለሆነ፣ በመዋኛ ገንዳ ጥልቀት እንኳ ትንፋሹን ይዞ የወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። አሠልጣኞች “ትንፋሽህን አትያዝ” የሚለውን እስኪሰለች ድረስ የሚደጋግሙት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ናይትሮጂን ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶው ናይትሮጂን ሲሆን ሰውነት አይጠቀምበትም። ግፊት ሲጨምር ግን ወደ ደምና ወደ ሥጋ እየሟሟ ይገባል። ጥልቀቱና የቆይታው ጊዜ በጨመረ ቁጥር የሚገባውም ይበዛል። ቀስ ብለው ከወጡ በሳንባ በኩል ተመልሶ ይወጣል። በፍጥነት ከወጡ የሚሆነውን ለማየት የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በአንድ ጊዜ መክፈት ይበቃል፤ ተዘግቶ ሳለ ያልታየው ጋዝ ግፊቱ ሲለቀው አረፋ ሆኖ ይገነፍላል። እንዲህ ያለው አረፋ በደም ሥር፣ በመገጣጠሚያ፣ በቆዳ ወይም በአከርካሪ ውስጥ ባለው ነርቭ ሲፈጠር የዲኮምፕሬሽን ሕመም ይባላል።

ሕመሙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰፊው የታወቀው ከስኩባ ሳይሆን ከድልድይ ሥራ ነው። የድልድይ መሠረት ለመጣል በታመቀ አየር በተሞሉ ትላልቅ ሣጥኖች ውስጥ በወንዝ ሥር የሚቆፍሩ ሠራተኞች፣ ወደ ላይ ሲወጡ በሕመም ይጎብጡ ነበር። የብሩክሊን ድልድይ ዋና መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ በ1872 በዚህ ሕመም ተመትቶ ጤናው ተቃወሰ። ምክንያቱ የናይትሮጂን አረፋ መሆኑን ፈረንሳዊው ፖል ቤር በ1878 አሳየ። በደረጃ እየቆሙ የመውጣትን ሠንጠረዥ ደግሞ ጆን ስኮት ሃልዴን በ1908 አወጣ። ዛሬ ጠላቂዎች በእጃቸው የሚያስሩት ኮምፒውተር የዚያ ሠንጠረዥ ልጅ ነው።

ቀኑ የሚበላሸው እንዴት ነው?

ከአንድ ትልቅ ስሕተት ይልቅ የትናንሽ ነገሮች ድርድር ነው። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ቀን እናስብ። ጠላቂው ሌሊቱን በደንብ አልተኛም፤ ጠዋት ከቡና በቀር የጠጣው የለም፤ ጀልባው ይወዛወዛል። የተከራየው ጃኬት ሰፍቶታል፣ ወገቡ ላይ የታሰረው እርሳስ በዝቷል። ሲወርድ አንድ ጆሮው አልከፈት ይላል፣ ቡድኑን ላለማስቆየት ግን ታግሎ ይወርዳል። ታች ማዕበሉ ይገፋዋል፤ ሲታገል ትንፋሹ ይፈጥናል። 200 ባር የነበረው ሲሊንደር ከሌሎቹ ቀድሞ 50 ይገባል። ያን ጊዜ መነጽሩ ውስጥ ውሃ ይገባና ይደነግጣል፤ ወደ ላይ ይተኮሳል። በ5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ መቆም የነበረበትን ዘሎታል።

ከነዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ ነጥሎ ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም። ነገር ግን ሰንሰለቱ በብዙ ቦታ ሊበጠስ ይችል ነበር፤ ከሁሉ የሚቀለውም ጆሮ አልከፈት ባለ ጊዜ ነው። ማንኛውም ጠላቂ በማንኛውም ጊዜ፣ ያለ ምክንያት እንኳ፣ “ይብቃኝ” ብሎ መውጣት ይችላል። ገንዘብ ከፍያለሁ ወይም ጓደኞቼ ይታዘቡኛል ብሎ መቀጠል ብዙ አደጋ ያመጣ ልማድ ነው። በፍጥነት የወጣ ሰው ሁሉ ይታመማል ማለት ግን አይደለም። ሁሉን በሥርዓት የሠራም አልፎ አልፎ ይታመማል፤ “ኮምፒውተሩ ችግር የለም ብሎኛል” ማለት ሕመሙን አያስቀርም። ከአራት ጎልማሶች አንዱ ገደማ በልቡ የላይኛው ክፍሎች መካከል ከፅንስ ጊዜ የቀረ ትንሽ ቀዳዳ አለው። አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ይኖራል፤ ጠላቂ ላይ ግን አረፋው ሳንባ ውስጥ ሳይጣራ ወደ አንጎል የሚሄድበት መንገድ ሊሆን ይችላል።

የዲኮምፕሬሽን ሕመም ምልክቶች

ከታመሙት ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ሰዓት፣ አብዛኛዎቹ ደግሞ በ6 ሰዓት ውስጥ ምልክት ያያሉ። ዘግይቶ የሚመጣም አለ፤ በተለይ ሰውየው ወደ ከፍተኛ ቦታ ከወጣ ወይም በአውሮፕላን ከሄደ።

በብዛት የሚታየው በትከሻ፣ በክርን ወይም በጉልበት የሚሰማ ጥልቅ ጥዝጣዜ ነው። ቦታውን በጣት መጠቆም ያስቸግራል፤ ሲነካም ብዙ አይብስም። ከቀኑ ሥራ ጋር የማይመጣጠን ድካም ሊኖር ይችላል። ቆዳ ሊያሳክክ፣ በሆድ፣ በጀርባ ወይም በጭን ላይ እንደ እብነ በረድ የተዥጎረጎረ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ሊታይ ይችላል። የነርቭ ምልክቶች ከበድ ያሉ ናቸው፦ መደንዘዝ፣ መውረር፣ የእግር መክበድ፣ ወገብን እንደ ቀበቶ የሚያጠብቅ ሕመም፣ መዞር፣ የመስማት መቀነስ፣ ሽንት አለመምጣት።

ብዙ ሰው ጊዜ የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። የትከሻው ጥዝጣዜ “ብርድ ገብቶብኝ ነው” ይባላል፤ ድካሙና ሽፍታው “ፀሐይ መታኝ” ወይም “ምች ነው” ይባላል። ዝንጅብል ይጠጣል፣ ክንዱ ይታሻል፣ ወጌሻ ጋ ይኬዳል። ማሸት አረፋውን አያወጣውም። ማስታገሻ መዋጥ ደግሞ ሕመሙን ሸፍኖ፣ የተሻለ መስሎ፣ ውሳኔውን ያዘገያል። ቤተሰብ እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። የታመመው ሰው ያፍራል፤ ሥልጠናውን ያጓደለ መስሎ እንዳይታይ ይፈራል፤ የነገው ጉዞ እንዳይቀርበት ይሳሳል። ስለዚህ “አመመህ ወይ?” ብሎ ከመጠየቅ “እስቲ ተነሥተህ ቀጥ ብለህ ተራመድ፤ ዓይንህን ጨፍነህ ቁም፤ ሁለቱ እግሮችህ ሲነኩ እኩል ይሰማሃል?” ማለት ብዙ ይገልጣል። አንዱ እንኳ ካጠራጠረ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ከዲኮምፕሬሽን ሕመም ሌላ

ሳንባ ከተቀደደ አየር በቀጥታ ወደ ደም ሥር ገብቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከውሃ በወጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይታያል፤ መልኩም ድንገተኛ ስትሮክ ነው። ብዙ ጥልቀትም ረጅም ቆይታም አይጠይቅም።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በውሃ ውስጥ እያሉ ሳንባ ውሃ የሚቋጥርበት ሕመም ነው። ሰውየው ገና እየጠለቀ ሳለ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያስለዋል፤ ሲወጣ አረፋ ያለው፣ አንዳንዴ ሮዝ ቀለም ያለው አክታ ይተፋል። በቀላሉ ከድንጋጤ ጋር ይምታታል። “ፈርቶ ነው” ተብሎ የተረሳ ሰው ሊሞት ይችላል። የደም ግፊት ያለባቸው ይበልጥ ይጋለጣሉ። ይህ ምልክት ያለውን ሰው ከውሃ አውጥተው ቀና አድርገው ያስቀምጡት፣ ኦክስጅን ይስጡት፤ ቢሻለውም የልብ ምርመራ ሳያደርግ ተመልሶ አይጥለቅ። ጠላቂዎችን ከሚገድሉት ምክንያቶች መካከል የልብ ሕመም ዋነኛ ቦታ እንዳለው በዚሁ መታወስ አለበት። ዕድሜው ከ45 በላይ የሆነ፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ሳይመረመር መጀመር የለበትም።

የጆሮ ጉዳት ከሁሉ የሚበዛው ነው። ሲወርዱ ግፊቱ ካልተመጣጠነ የጆሮ ታምቡር ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ ያማል፣ ሊቀደድም ይችላል። ቀላሉ በሳምንታት ውስጥ ይድናል፤ እስኪድን ውሃ እንዳይገባበት፣ አፍንጫ ተይዞም በኃይል እንዳይነፋ። ከፍተኛ መዞር፣ ጩኸት ወይም መስማት አለመቻል ካለ ግን የውስጠኛው ጆሮ ተጎድቶ ወይም አረፋ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት።

የመጀመሪያ እርዳታ

ሰውየውን በጀርባው አስተኙት፤ ራሱን ከሳተ ወይም ካስመለሰው በጎኑ። እግሩን ከፍ ራሱን ዝቅ ማድረግ የድሮ ምክር ነው፤ አሁን አይመከርም። ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል፣ በተቻለ መጠን 100 ከመቶ፣ ወዲያው ይጀመር። በሥርዓት የሚሠራ የዳይቪንግ ጀልባ ኦክስጅን ይዞ ይወጣል፤ ከመክፈልዎ በፊት “ኦክስጅን አላችሁ?” ብለው ይጠይቁ። ኦክስጅኑ ሕመሙን ካስታገሠው ሕክምናው አልቋል ማለት አይደለም። ሲቋረጥ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ሐኪም ጋ መድረስ ግድ ነው።

ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ውሃ ወይም ኦ.አር.ኤስ. ቀስ እያለ ይጠጣ። አልኮል አይሰጥ። “አረፋውን ለመጭመቅ” ተብሎ ወደ ውሃ መልሶ ማስጠለቅ አደገኛ ነው።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ

የዲኮምፕሬሽን ሕመምን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ ወይም ራጅ የለም። ሐኪሙ የሚወስነው በታሪኩና በሰውነት ምርመራ ነው። ስለዚህ አስቸጋሪው ቀን በዝርዝር መነገር አለበት፦ ስንት ጊዜ ጠለቁ፣ ስንት ሜትር፣ ስንት ደቂቃ፣ እንዴት ወጡ፣ የትኛው ምልክት በስንት ሰዓት ጀመረ፣ ኦክስጅን ተሰጠ ወይ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ። በጉዞ ላይ ሳሉ በወረቀት ላይ ይጻፉት። የእጅ ኮምፒውተሩን ይዘው ይምጡ፤ መረጃውን አያጥፉ። አብሮ የጠለቀው ሰው ቢመጣ የተሻለ ነው፤ እሱም ተመሳሳይ ጥልቀት ስለነበረ ይታይ።

በዳይቪንግ ሕመም ልምድ የሌለው ሐኪም ቤት የኦክስጅን መጠኑን በጣት ለክቶ “98 ነው፣ ኦክስጅን አያስፈልገውም” ሊል ይችላል። እዚህ ኦክስጅን የሚሰጠው ለማሟላት ሳይሆን ናይትሮጂኑን ከሰውነት ለማውጣት ነው፤ ይህንን በአክብሮት ማስረዳት ተገቢ ነው። በአንዳንድ አምቡላንሶችና ሐኪም ቤቶች ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ አረፋውን ስለሚያሳድግ ለጠላቂ አይሰጥም። ሐኪሙ ምክር ከፈለገ በአሜሪካ የሚገኘው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ፣ በአጭሩ ዳን፣ በ24 ሰዓት የአስቸኳይ መስመሩ በ+1-919-684-9111 ያማክራል።

ዋናው ሕክምና የግፊት ክፍል ነው። ሃይፐርባሪክ ክፍል በሚባለው በር የሚዘጋ ክፍል ውስጥ ግፊቱ ወደ 2.8 አትሞስፌር፣ ማለትም የ18 ሜትር ጥልቀት ያህል ከፍ ይልና ታካሚው ኦክስጅን እየተነፈሰ ቀስ በቀስ ይወርድለታል። በብዛት የሚሠራበት ሠንጠረዥ ወደ 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ምልክት ከቀረ ይደገማል። አይቆርጥም፣ አይወጋም፤ ጆሮ እንደ አውሮፕላን ይደፈናል፣ ክፍሉም ጠባብ ስለሆነ የሚጨነቅ ሰው አስቀድሞ ይንገር። ቶሎ መጀመሩ ይሻላል። ሆኖም ቀናት ካለፉ በኋላ የታከሙም የተሻላቸው ስላሉ “አሁንማ አልፏል” ብሎ መቅረት አይገባም።

አውሮፕላንና ደጋ

ከኢትዮጵያ ለሚመጡና ወደዚያ ለሚመለሱ ሰዎች ከሁሉ የሚያስፈልገው ክፍል ይህ ነው። በበረራ ላይ ባለ የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ግፊት ጋር ሊስተካከል ይችላል። ከውሃ የወጣ ሰው ሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጂን በዚህ ዝቅተኛ ግፊት እንደገና አረፋ ሊሠራ ይችላል። ወደ ቴል አቪቭ ወይም ወደ ዱባይ የሚበር ሰው ሲያርፍ ወደ ባሕር ወለል ግፊት ይመለሳል። ወደ አዲስ አበባ የሚበር ግን አይመለስም። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በሩ ሲከፈትም የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ሲተኛም በዚያው ከፍታ ላይ ነው።

ምልክት የሌለው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቀ ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተደጋጋሚ ወይም በተከታታይ ቀናት ከጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል፤ ሲወጣ የግዴታ ማቆሚያ ያስፈለገው ደግሞ ከ18 ሰዓት በእጅጉ የበለጠ። እነዚህ ዝቅተኛ ቁጥሮች ናቸው። መድረሻው አዲስ አበባ ለሆነ ሰው ሙሉ 24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መቆየቱ የተሻለ ነው እንላለን፤ የዕረፍቱን የመጨረሻ ቀን ከውሃ ውጭ ማሳለፍ ብቻ ነው የሚጠይቀው። በፍጥነት ከወጡበት ቀን በኋላ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ።

መሬት ላይም ያው ነው። ከጂቡቲ በመኪና ወይም በባቡር በድሬዳዋ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ፣ ወይም ከምፅዋ ወደ አስመራ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ መንገድ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ ሰው አውሮፕላን አልተሳፈረም፤ ሰውነቱ ግን ልዩነቱን አያውቅም። የታመመ ሰው ከባሕር ዳርቻ ወደ ሌላ ሐኪም ቤት የሚዛወር ከሆነም መንገዱ ተራራ የሚያቋርጥ መሆኑ አስቀድሞ ይታሰብበት፤ በሄሊኮፕተር ከሆነ ከ300 ሜትር በታች መብረሩ ይመረጣል።

ምልክቱ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ከጀመረ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄደው ኦክስጅን ያስጀምሩ፤ “ከሁለት ቀን በፊት ባሕር ጠልቄ ነበር” ብለው ሳይጠየቁ ይናገሩ። ያለዚያ ማንም አይጠረጥረውም።

ተመልሶ መጥለቅ

በግፊት ክፍል የታከመ ሰው ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 72 ሰዓት ሳይበር ይቆያል። መልሶ መጥለቅ ደግሞ የሳምንታት ጉዳይ ነው፤ የነርቭ ምልክት የነበረበት ሰው ረዘም ያለ ጊዜና የዳይቪንግ ሐኪም ፈቃድ ያስፈልገዋል። አንዳንዱ ከዚያ በኋላ እንዳይጠልቅ ይነገረዋል። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ በቅርቡ አስማቸው የተነሣባቸው ሰዎች በመጀመሪያም ባይጠልቁ ይመረጣል።

የተረፈው ፍርሃትም ሕመም ነው። ከአስደንጋጭ ቀን በኋላ እንቅልፍ ማጣት፣ ውሃ ሲያስቡ ልብ መምታት የተለመደ ነው፤ ከሳምንታት በላይ ከቆየ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ። ሰውየውን “ወዲያው ካልተመለስክ ፍርሃቱ ይለምድብሃል” ብሎ መገፋፋት አያስፈልግም። የሚመለሰው ጥልቀት በሌለው፣ ጸጥ ባለ ውሃ፣ ከአሠልጣኝ ጋር ቢሆን ጥሩ ነው። ቡድኑም ቀኑን አብሮ ቢያወራው ይጠቅማል፦ ጆሮው መቼ ነው ያመመው፣ አየሩ መቼ ነው መቀነስ የጀመረው፣ ማን ምልክት ሰጠ፣ ማን አላየም። እንዲህ ያለው ወሬ የሚጠቅመው ሰውየው እንደማይወቀስ ሲያውቅ ነው፤ የሚወቀስ ከሆነ ትከሻውን ማመሙንም አይናገርም።